መድኃኒቱን የለመደው ማን ነው?

(ባለቤትን ለይቶ ስለ መጻፍ)

ሀ. ምንባብ፦ የሚከተለውን በጥሞና አንብቡ።

ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ለሕክምና ወደ ጎንደር ከሚወርዱ ሕሙማን መካከል «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚሉ አይታጡም። በዚህ ዓረፍተ ነገር «ሰውነቴ» ባለቤት፣ «መድኃኒቱን» ተሳቢ፣ «ለመደው» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን ስሕተት ነው። መድኃኒቱን የተቋቋመው የሰው አካል ሳይሆን በአካሉ ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ ነውና።

ባክቴሪያው ይህን ኃይል ከየት አገኘው? አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከዋናው የዘር ቅንብራቸው ሌላ ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ቀለበት አላቸው። በቀለበቱ ላይ መድኃኒትን የሚሰብር ኢንዛይም የሚያስገኙ ጂኖች ሊኖሩ ይችላሉ። ባክቴሪያው ከጎረቤቱ ጋር ሲገናኝ የቀለበቱን ግልባጭ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩም የሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀለበት የብዙ መድኃኒቶችን መቋቋሚያ ባንድነት ሊይዝ ስለሚችል ተቀባዩ በአንድ ጊዜ ብዙውን ይወርሳል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ይህን መተላለፍ በተቅማጥ ባክቴሪያዎች ላይ ደርሰውበታል።

ሆስፒታል ብዙ ሕሙማንና ብዙ መድኃኒት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ስፍራ ነው። መድኃኒቱ ደካማውን ባክቴሪያ ሲገድል ተቋቋሚው ያለ ተፎካካሪ ይራባል፤ ባልታጠበ እጅም ከአልጋ ወደ አልጋ ይሻገራል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶችም ብዙ ዓይነት መድኃኒቶችን ባንድነት የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች በሕሙማን ላይ መገኘታቸውን አሳይተዋል።

የባለቤት ስሕተት የተግባር ስሕተትን ያስከትላል። «የለመደው የኔ ሰውነት ነው» የሚል ሰው የተረፈውን እንክብል «ለአንተ ይሠራ ይሆናል» ብሎ ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ ባክቴሪያውም ቢተላለፍበት የሚያሰጋው አይመስለውም። ባለቤቱ ባክቴሪያው መሆኑን የተረዳ ግን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወስድም፤ ለሌላም አይሰጥም፤ በሽተኛ ሲጠይቅ እጁን ይታጠባል።

ለ. ማስታወሻ፦ ባለቤትን ለማግኘት ማሰሪያ አንቀጹን «ማን?» ወይም «ምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ድርጊቱ በእውነት የእርሱ መሆኑን መርምሩ።

ሐ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች ባለቤትና ተሳቢ ለዩ።
 (ሀ) ባክቴሪያው ጂኑን ለጎረቤቱ ሰጠው።
 (ለ) ያልታጠበ እጅ በሽታን ያሻግራል።

2. «ጂኑ ተላለፈ» የሚለውን ተደራጊ ግሥ ወደ አድራጊ ለውጣችሁ፣ አድራጊውን ጨምራችሁ ጻፉ።

3. መድኃኒት ሳይጨርስ ላቋረጠ ዘመዳችሁ፣ ከሐኪሙ ጋር እንዲመክር የሚያሳስብ የአንድ አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉ። የእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ግልጽ ይሁን።