ውሃ በመልኩ አይታወቅም
በክረምት ዕረፍት ከሕፃናት ጋር ለሚንሸራሸሩ ወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት

ሰኔ ተፈጽሞ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ሲዘጉ የልጆች ሐሳብ ሁሉ ወደ ጨዋታና ወደ ሽርሽር ይዞራል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ሐምሌና ነሐሴ በዚያ ፀሐይ የሚበረታባቸው፣ ቤተሰብም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርድባቸው ወራት መሆናቸውን ተመልክተናል። በእኛ አገር ግን እነዚሁ ወራት በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ የዝናም ወራት ናቸው። ስለዚህ ልጁ በቤት ቢውልም፣ ወደ አያቶቹ አገር ቢሄድም፣ ወደ ሐይቅ ዳር ቢወሰድም ከውሃ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በዚህ ወር ልናስረዳ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዓይን የውሃ ዳኛ ሊሆን የማይችል መሆኑን ነው። ጥርት ያለው ውሃ ንጹሕ ላይሆን፣ ጸጥ ያለውም ጥልቅ ሊሆን፣ ደረቅ የሚመስለውም የወንዝ መውረጃ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሊሞላ ይችላል።

ይህን ስንል ልጆች ተዘግተው ይክረሙ ማለታችን አይደለም። ልጅ ሊሮጥና ንጹሕ አየር ሊቀበል ይገባዋል። እንዲያውም ብርድ ተፈርቶ በርና መስኮት በተዘጋበት፣ ከሰልም በተያያዘበት ክፍል የሚውል ሕፃን በካፊያ ውስጥ ከሚሯሯጠው ጓደኛው ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ መልክም ሽታም የለውምና፣ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ጉንፋንም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣ እንጂ ዝናም ብቻውን የሚፈጥረው አይደለም። ልጁ ሲመለስ የረጠበውን ልብስ መለወጥ፣ ራሱን ማድረቅና ትኩስ ነገር ማጠጣት ይበቃል።

ከቤት እንጀምር። ክረምት ሲገባ በየቤቱ ከአሸንዳው ሥር ባልዲ፣ በርሜል ወይም ሳፋ መደቀን የታወቀ ልማድ ነው፤ ለልብስ አጠባ የሚሆን ውሃ በነፃ ይገኛልና ልማዱን አንነቅፍም። ነገር ግን ዳዴ የሚል ወይም አዲስ የቆመ ሕፃን ራሱ ከአካሉ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ስለሆነ፣ ወደ ባልዲው አጎንብሶ በራሱ የወደቀ እንደ ሆነ ተመልሶ ለመውጣት ኀይል የለውም። አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ለመስጠም ይበቃዋል። የተጠራቀመው ውሃ ክዳን ይኑረው፤ ክዳን ከሌለ ሕፃኑ በማይደርስበት ሥፍራ ይቀመጥ። ለቤት መሠረት ወይም ለድንጋይ ማውጫ የተቆፈረ ጉድጓድም በሐምሌ ሞልቶ ኩሬ ይመስላል። ኩሬ ግን አይደለም፤ ጠርዙ እንደ ግድግዳ የተቆረጠ፣ ጭቃውም የሚያዳልጥ ስለሆነ የገባበት ልጅ መያዣ አያገኝም። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ካለ ባለቤቱ እንዲያጥረው ወይም እንዲደፍነው ጎረቤት ተባብሮ ሊያስገድደው ይገባል። ስለዚህ ጉዳይ ሐሜት እንጂ ተግባር ብዙ ጊዜ አላየንም።

ወንዝን በተመለከተ ደግሞ ከሁሉ የሚያታልለው የደረቀው ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት በድንገት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው አሸዋ ብቻ የሚታይበት፣ ሰው የሚመላለስበትና ልጆች የሚጫወቱበት ወንዝ ነው። ጎርፉን ያመጣው ከከተማው በላይ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናም ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ በቆምንበት ሥፍራ ሰማዩ ቢጠራም በላይኛው አገር ደመና ከጠቆረ ከወንዝ መውረጃ ውስጥ ልጅን ማውጣት እንደሚገባ ነው። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ከላይም እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ከተሰማ፣ ጓዝ ለመሰብሰብ እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። የሞላ ወንዝ ልጅ አዝሎ መሻገር በማናቸውም ምክንያት አይበጅም። ሁለት ሰዓት የጠበቀ መንገደኛ ብዙ ጊዜ ወንዙ ጎድሎ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሐይቅ ዳር እንሂድ፤ ከከተማ ለሚወጣ ቤተሰብ ትልቁ ሽርሽር ይህ ነውና። የቢሾፍቱ ሐይቆች ከጥንት እሳተ ገሞራ በቀረ ጎድጓዳ ሥፍራ የተጠራቀሙ ናቸው። ስለዚህ ዳርቻቸው በብዙ ሥፍራ ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ሳይሆን፣ ጥቂት እርምጃ ከተገባ በኋላ ወለሉ ከእግር በታች የሚጠፋ ነው። ከላይ ሲታዩ ግን እንደ መስተዋት ጸጥ ያሉ ናቸው። በነፋስ የተነፋ የመኪና ከመነዳሪ በልጅ ወገብ ላይ ማጥለቅም ዋስትና አይሆንም፤ ይገለበጣል፣ ይሾልካል፣ ነፋስም ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

የሚሰጥም ልጅ ይጮኻል፣ እጁንም ያውለበልባል ብሎ መጠበቅ ትልቅ ስሕተት ነው። አፉ ከውሃ በላይና በታች ስለሚመላለስ ለመጮኽ የሚበቃ ትንፋሽ አያገኝም፤ ብዙ ጊዜ በሰው መካከል ያለ ድምፅ ይሰጥማል። ሁሉም ይጠብቀዋል የተባለ ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ነው። ስለዚህ ወደ ውሃ የቀረቡትን ሕፃናት የሚጠብቅ አንድ ዐዋቂ በስሙ ይሰየም፤ እርሱም በተሰየመበት ጊዜ ስልክ የማይነካ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ክንዱም ወደ ሕፃኑ የሚደርስ ይሁን። ሲደክመው ሌላው ይተካው።

የሰጠመ ልጅ ሲወጣ በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልና ሆዱን መጫን በብዙ ሥፍራ የተለመደ ቢሆንም ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። ጊዜ ያባክናል፤ በጨጓራ ያለውንም ወደ ሳምባ ይመልሳል። ትክክለኛው ሥራ ልጁን በጀርባው አስተኝቶ አገጩን ቀና ማድረግ፣ የማይተነፍስም ከሆነ አፉን በአፍ ገጥሞ አፍንጫውን በመያዝ (ጨቅላ ከሆነ አፍና አፍንጫውን አንድ ላይ በአፍ ሸፍኖ) ደረቱ ከፍ እስኪል ድረስ አምስት ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ነው። ካልነቃ በደረቱ መካከል 30 ጊዜ በፍጥነት እየተጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ እየሰጡ፣ ርዳታ እስኪደርስ ድረስ ማቋረጥ አይገባም። የነቃውም ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ስለ መስጠም ይህን ካልን ወደ ቢልሃርዚያ እንለፍ፤ የውሃ መልክ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። የላንጋኖ ውሃ እንደ ሻይ የቀላ ስለሆነ እናቶች ልጆቻቸውን ለማስገባት ሲያመነቱ እናያለን፤ በአንጻሩ በሐዋሳ፣ በዝዋይ ወይም በጣና ዳርቻ ባለው ጥርት ባለና ቄጤማ በበቀለበት ውሃ ያለ ሥጋት ያስገቧቸዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የሌለበት ሐይቅ በመባል በሰፊው የታወቀ ሲሆን፣ በሦስቱ ሐይቆች ዳርቻ ግን በሽታው መኖሩ በምርመራ ተረጋግጧል።

አመጣጡ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ወደ ውሃው ይገባና ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ በቄጤማና በሣር መካከል በሚኖር ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ ጅራታም እጮች ሆኖ በብዛት ይወጣል። እነዚህ እጮች በይበልጥ የሚወጡት ፀሐይ ሞቅ ባለ ጊዜ፣ ይኸውም ልጆች ለመንቦራጨቅ በሚወርዱበት በእኩለ ቀን ገደማ ነው። ቆዳ ለመብሳት ቁስል አያስፈልጋቸውም፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ልጁ በዚያው ቀን ቢያሳክከው ነው፤ ትኩሳቱ፣ የሆድ ቁርጠቱና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚመጣው ግን ሽርሽሩ ከተረሳ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሳይታከም ለዓመታት ከቆየ ጉበትን ይጎዳል። በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ደግሞ የሽንት ፊኛን የሚያጠቃና ሽንትን ደም የሚያስመስል ሌላ ዓይነት አለ። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ሁለቱንም ያድናል፤ ነገር ግን ልጁ ወደ ውሃው ተመልሶ የገባ እንደ ሆነ ደግሞ ይያዛል።

በእነዚህ ሥፍራዎች ሕፃናትን ማጠብ የፈለገ ቤተሰብ ውሃውን ቀድቶ፣ ቀንድ አውጣ እንዳይኖርበት አጥልሎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በንጹሕ ዕቃ ካቆየው እጮቹ ይሞታሉ፤ ማፍላትም ይቻላል። በሐይቅ ዳር ሕፃንን ማጸዳዳትም ይቅር። «የሕፃን ሰገራ አይጎዳም» የሚለው አነጋገር ምንም መሠረት የለውም።

በዚህ በሽታ ነገር የአገራችን ሰው ስም በዓለም ተጠርቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ያን ሁሉ ዘመን እንዶድ ልብስ ብቻ ያጸዳል ስንል ወንዙንም ሲያጸዳ ኖሯል። እርሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለዚህ ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

የሚጠጣውም ውሃ በዓይን አይመረመርም። ከተራራ ሥር የሚፈልቅ ቀዝቃዛ ምንጭ በክረምት ጎርፍ ከየሜዳው ያጠበው እድፍ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ የታይፎይድና የተቅማጥ ተሐዋስያን ደግሞ ጣዕምም ቀለምም የላቸውም። ውሃ ማፍላት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ በደጋ ግን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። ማገዶ በሌለበት ውሃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጣራ።

ስለ ስንቅ ብዙ አንልም። ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ በሞቀ መኪና ውስጥ ከቆየ ሳይሞቅ ለልጅ አይሰጥ፤ የሚያጎርስ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የመንገድ ወዳጅ የሆነው ቆሎ ግን ለትንሽ ልጅ ወዳጅ አይደለም። ቆሎና ለውዝ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን፣ ይልቁንም መኪናው ሲንገጫገጭ፣ ወደ አየር ቧንቧ ገብተው ያንቃሉ። በእርሱ ፈንታ ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች ይያዝለት።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ ልጁን ተቅማጥ ቢይዘው የሚገድለው በይበልጥ ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። «ሆዱ ይረፍ» ብሎ ውሃና ምግብ መከልከል ሞትን ማፋጠን ነው። ጡት የሚጠባ ይጥባ፤ የሚበላም ይብላ። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ የቡና ስኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሁለት ስኒ ያህል በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ በማንኪያ መቀጠል ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። ከረጢቱ በጠፋ ጊዜ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይተካዋል፤ ጨው ማብዛት ግን አደገኛ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ተቅማጡ ቢቆምም በታዘዘው ቀን ልክ ይፈጸም። ዓይኑ የሰረጎደ፣ እርግብግቢቱ የገባ፣ ሰውነቱ የዛለ፣ ለመጠጣት ያልቻለ ወይም ደም ያስቀመጠው ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይድረስ። ተቅማጥ ያመጣበት ግግ ነው ብሎ ድዱን ማስፋቅና ማስነቀል ለደከመው ሕፃን ቁስልና መመረዝ መጨመር ስለሆነ፣ አያት ብታዝም እንኳ በአክብሮት እንቢ ይባል።

በመጨረሻም ከ2,000 ሜትር በታች ወዳለ አገር የሄደ ቤተሰብ ሌሊት ሕፃናቱን በአጎበር ውስጥ ያስተኛ። የወባ ትንኝ በነከሰች ማግስት ልጁ አይታመምም፤ ትኩሳቱ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ተመልሶ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሊመጣ ይችላል። በደጋ ከተማ ትኩሳት ያለበት ልጅ ሲቀርብ ሐኪሙ አስቀድሞ ጉንፋንን ሊያስብ ስለሚችል፣ ልጁ በክረምቱ የት እንደ ሰነበተ፣ በየትኛውም ውሃ እንደ ታጠበ ሳትጠየቁ ንገሩ፤ ትኩሳቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥም የደም ምርመራ አስደርጉ።