በኳታር የግንባታ ሠራተኞች የመኖሪያ ምርጫ፦ አንዱ ሕግ የሰጠው፣ ሌላው ሕግ ያጠበበው

መግቢያ

ስለ ሥራ ፍልሰት ሲወሳ ቀድሞ የሚነሣው ደመወዝ፣ የደላላ ክፍያና ወደ ቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ነው። ሠራተኛው የት ያድራል የሚለው ጥያቄ ከሥራ ውሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ጥቃቅን ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ የመኖሪያው ቦታ የሠራተኛውን የእንቅልፍ ሰዓት፣ ጤናና አሠሪ የመለወጥ ነፃነት የሚወስን ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የኳታርን ሁኔታ በመመርመር፣ ሠራተኛው በሕግ ያገኘው የመኖሪያ ምርጫ በተግባር ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። በዚያች አገር የግንባታው ዘርፍ የተመሠረተው በአብዛኛው ከኔፓል፣ ከሕንድና ከባንግላዴሽ በሚሄዱ ወንዶች ጉልበት ላይ ነው።

የሕጉ ሁለት ገጽታዎች

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሕግ ቁጥር 17 ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል አድርጎ ወስኗል። አሠሪው መኖሪያ ካላቀረበ 500 ሪያል፣ ምግብ ካላቀረበ ደግሞ 300 ሪያል በተጨማሪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው ከማርች 2021 ጀምሮ ነው። ድንጋጌው ላይ ላዩን ሲነበብ ሁለት መንገዶች ያሉት ይመስላል፤ በአሠሪው ካምፕ ማደር፣ ወይም አበሉን ተቀብሎ ቤት መከራየት። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው መኖሪያውን የማቅረብ ወይም ያለማቅረብ ውሳኔ በእጁ ያለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚደርሰው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

አበሉ የተከፈለው ሠራተኛም ቢሆን ወደፈለገበት ሰፈር መሄድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ቁጥር 15 በቤተሰብ መኖሪያ አካባቢዎች የሠራተኞች የጋራ መኖሪያ እንዳይኖር ይከለክላል። በ500 ሪያል ብቻውን ቤት መከራየት የማይችል ሰው ከባልንጀሮቹ ጋር መጋራት ግድ ይሆንበታል። ተጋርቶ ለመኖር ደግሞ ለዚህ ወደተፈቀደው አካባቢ መሄድ አለበት። ስለዚህ አንዱ ሕግ በገንዘብ የሰጠውን ምርጫ ሌላው ሕግ በቦታ ያጠበዋል። ሁለቱ ድንጋጌዎች ለየብቻ ሲነበቡ ይህ ውጤት አይታይም።

ርቀት፣ ሙቀትና እንቅልፍ

ከዶሃ መሐል በደቡብ ምዕራብ የሚገኘውና ሠራተኞች «ሰናያ» የሚሉት የኢንዱስትሪ አካባቢ፣ ጋራዦች፣ መጋዘኖችና የሠራተኛ ካምፖች ተደባልቀው የሚገኙበት ነው። በአቅራቢያው እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የሠራተኞች ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚያስተናግድ ሲሆን፣ የገበያ ማዕከልና የክሪኬት ሜዳ አለው። የአዲሱ ሰፈር ክፍሎች ከድሮዎቹ ካምፖች የተሻሉ ናቸው። የቦታው አቀማመጥ ግን አልተለወጠም። በዚህ የሚያድር ሠራተኛ ከዶሃ በስተሰሜን በምትገኘው ሉሳይል ወይም ከእርሷም አልፎ በአል ኾር ቢመደብ፣ በየቀኑ በኩባንያው አውቶቡስ ከተማዋን አቋርጦ ወይም ዞሮ መሄድና መመለስ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሚኒስትር ውሳኔ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30 ሰዓት ከደጅ መሥራትን ይከለክላል። ይህ ሕይወት የሚያድን እርምጃ ነው። ሆኖም ሥራው ወደ ንጋት ሲገፋ አውቶቡሱም በሌሊት ይነሣል። ከሳይቱ ርቆ ለሚያድር ሰው የመንገዱ ሰዓት የሚቀነሰው ከእንቅልፉ ነው። በደንብ ያልተኛ ሠራተኛ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙም በመወጣጫ ላይ የሚያደርገው ጥንቃቄም ይቀንሳል። በመሆኑም የመኖሪያ ርቀት የሥራ ላይ ደኅንነት አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።

ከአሠሪ የተያያዘ አልጋ

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መመሪያ በአንድ ክፍል ከአራት ሰው በላይ እንዳይኖርና ለእያንዳንዱ ቢያንስ 6 ካሬ ሜትር እንዲኖረው ይደነግጋል። መለኪያው የክፍሉን ስፋት እንጂ የሠራተኛውን ዋስትና አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተደረገው ማሻሻያ ሠራተኛው ያለ ቀድሞ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጥ ፈቅዷል። ነገር ግን አልጋው የአሠሪው ከሆነ፣ ሥራውን የለቀቀ ዕለት ማደሪያውንም ያጣል። በመካከል ያሉትን ሌሊቶች የት እንደሚያሳልፍ የማያውቅ ሰው በወረቀት ያገኘውን መብት ለመጠቀም ያመነታል።

የጋራ መኖሪያ በአንድ ስፍራ መከማቸቱ ያለው አደጋም በማርች 2020 ታይቷል። የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የኢንዱስትሪው አካባቢ ከፊሉ ተዘግቶ ነዋሪዎቹ ከቀሪው ከተማ ተለይተው ቆይተዋል። በተጨናነቀ ክፍል ለሚኖር ሰው ርቀትን መጠበቅ የሚቻል አልነበረም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚወሰደው ዋና ነጥብ፣ የግንባታ ሠራተኛ ስለ መኖሪያው የመደራደር አቅም ያለው አገሩን ከመልቀቁ በፊት፣ ውሉን በሚፈርምበት ጊዜ መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጓዙት በአብዛኛው ለቤት ውስጥ ሥራ የሚቀጠሩ ሴቶች ናቸው፤ ጥያቄው ግን በአሠሪያቸው ቤት ለሚያድሩት ለእነርሱም የሚሠራ ነው። የቅድመ ጉዞ ሥልጠና አራት ነገሮችን በግልጽ ቢያነሣ ይጠቅማል፦ መኖሪያው ከሥራ ቦታው ምን ያህል ይርቃል? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል? መኖሪያ ካልቀረበ አበሉ በውሉ ላይ በቁጥር ተጽፏል? ሥራው ቢቋረጥ ሠራተኛው ለስንት ቀን በክፍሉ መቆየት ይችላል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ሠራተኛው ከማይስማማው አሠሪ መለየት መቻል አለመቻሉን የሚወስነው ግን እርሱ ነው።