ዝንብ የሚያድረው ከጣሪያ፣ የሚፈለፈለው ከደጅ

ኦሞራቴ ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ሲጥል ዝንብ ይበዛል። ማታ ከጣሪያው ሥር ጠቁሮ ሲሰፍር ታዩታላችሁ። በጭስ ብታባርሩት ነገ ይመለሳል። ለምን ቢባል፣ ጣሪያው ማደሪያው እንጂ መራቢያው አይደለም። እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ እበትና ጥራጊ ላይ ነው፤ በሙቀት ጊዜ በ10 ቀን ገደማ ዝንብ ይሆናል። እንግዲያው በረቱን በየቀኑ ጥረጉ፤ እበቱን አትከምሩት፣ በስሱ ዘርጉት። ፀሐይ ካደረቀው ትሉ ይሞታል።

ከሕፃናት ዓይን የማይጠፋው ዝንብ ግን ሌላ ዓይነት ነው። እሱ ከሁሉ የሚወደው ሜዳ ላይ የተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ትራኮማን ከልጅ ወደ ልጅ ያዛምታል። በሽታው ደጋግሞ ከያዘ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ያሳውራል። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ተጠቀሙ፣ ክዳን አብጁለት። የልጆችንም ፊት ጠዋትና ማታ እጠቡ፤ ኦሞ ዳር የሚኖር ሰው መቼም በውሃ አያመካኝም! ከብት ይዞ የራቀውም ቢሆን ለአንድ ልጅ ፊት እፍኝ ውሃ ይበቃዋል።