ልፍለፋና ቁም ነገር



እንግሊዝኛ «ቻተር» በሚለው በአንድ ቃል የወፎችን ጫጫታ፣ በብርድ የሚንገጫገጭ ጥርስንና ፍሬ የሌለውን የሰው ወሬ ይጠራል፤ ሁሉም ፈጣንና ተደጋጋሚ ድምፆች ናቸውና። አማርኛችን ግን ይለያቸዋል፤ ወፍ ይንጫጫል፣ ጥርስ ይንገጫገጫል፣ ሰው ግን ይለፈልፋል፣ ይቀባጥራል። ልዩነቱም ተገቢ ነው። ወፍ ስለ ጫጫታዋ አትጠየቅም፤ ሰው ግን ስለ ከንቱ ቃሉ በፍርድ ቀን እንደሚጠየቅ ጌታችን አስተምሮናል (ማቴ. 12፡36)።

የአቴና ፈላስፎች ቅዱስ ጳውሎስን «ለፍላፊ» ብለው ንቀውት ነበር (ሐዋ. 17፡18)። የግሪኩ ቃል በመሠረቱ ጥሬ የሚለቅም ወፍ ማለት ሲሆን፣ ከዚህም ከዚያም ቃርሞ ለሚያወራ ሰው ስድብ ሆነ። ሐዋርያው ግን የሚናገረውን የሚያውቅ፣ ስለ ቃሉም መከራን የሚቀበል ሰው ነበር። እንግዲህ ንግግርን ልፍለፋ የሚያሰኘው ብዛቱ ሳይሆን ኃላፊነት የጎደለው መሆኑ ነው።

ወደ ሐራ ገበያ ከወልድያም ከመርሳም የሚመጣ ሰው ከሸቀጡ ጋር ወሬም ይዞ ይመጣል። መጠያየቁና የቡና ላይ ጨዋታው ፍቅርን ያጸናል፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሰሜን ወሎን በመታ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ተለያይቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ «እገሌ ሞተ አሉ» የሚል ያልተጣራ ቃል የእናትን ልብ ይሰብራል። አባቶቻችን መርዶ ሲያረዱ አስቀድመው ያጣራሉ፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ሄዶ፣ በጥንቃቄ ይነግራል። አብሮም ያለቅሳል። ለፍላፊው ግን ተናግሮ ያልፋል።

ወሬው እውነት መሆኑም ብቻውን አይበቃም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ ያለ በቂ ምክንያት የባልንጀራን ጉድለት ለማያውቁት መግለጥ በደል መሆኑን ያስተምራል (ቁ. 2477)።

ስለዚህ ሕፃናትን «ዝም በሉ» ማለት ብቻ አይበቃንም፤ የተናገሩትን ቃል ባለቤቱ ፊት ቆመው ሊደግሙት ይችሉ እንደሆነ ራሳቸውን እንዲጠይቁ እናስተምራቸው።

ለውይይት፦
1. በሠፈራችን ጨዋታ ወደ ሐሜት የሚለወጠው መቼ ነው?
2. ያልተጣራ ወሬ ሲደርሰን ምን ማድረግ ይገባናል?