አልጌው ያጣራል፣ አጫጁ ያጸዳል

በጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና የተረፈው ምግብ መጨረሻቸው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ሲበዙ መስተዋቱ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ኮራሉም ይጎዳል። ለዚህ ሲባል ከዋናው ገንዳ ጋር በተገናኘ ትንሽ ገንዳ፣ በመብራት፣ እንደ ኬቶሞርፋ ያለ የባሕር አልጌ ይበቅላል። ሁለቱንም እየመጠጠ ያድጋል።

ልብ በሉ፤ አልጌው ያዛቸው እንጂ አላጠፋቸውም። ሳይታጨድ ከሞተ መልሶ ይለቃቸዋል። ስለዚህ ዋናው ማጣሪያ አጨዳው ነው ባይ ነኝ።

የታጨደውስ የት ይጣል? ለአኳሪየም ይበቅል የነበረው ኮለርፓ ታክሲፎሊያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞናኮ ባሕር ውስጥ ተገኝቶ ሜዲትራኒያንን ወረረ። በ2000 ካሊፎርኒያ ላይም ታየ፤ በሸራ ተሸፍኖ፣ ክሎሪን ተለቆበት፣ ጠፋ የተባለው በ2006 ነው። እንግዲህ ፍሪዘር ውስጥ 24 ሰዓት አቆይቶ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር መጣል ነው እንጂ፣ ወደ ባሕር መድፋት አይታሰብም።