የቤት ዕቃችንን ስናጸዳ፦ ጠሃራ፣ ጽዳትና የአካባቢያችን ውሃ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዒድ ሲቃረብ ወይም ለእረፍት ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜ ወይም ወደ አንጋጫ ቤታችን ስንመለስ መጀመሪያ የሚጠብቀን ሥራ ጽዳት ነው። ሶፋው ወደ ግቢ ይወጣል፣ ምንጣፉ ይራገፋል፣ ኦሞ በዛ ተደርጎ ይበጠበጣል፣ በረኪና ይጨመርበታል፣ በመጨረሻም ፍሳሹ ወደ ቦይ ይለቀቃል። በዛሬው ትምህርታችን ሁለት ጥያቄዎችን እናነሳለን። ዕቃው በእርግጥ ጠሃራ ሆኗል ወይ? የለቀቅነው ውሃስ የት ገባ?

ከሁለተኛው እንጀምር። የሐዲያና የከምባታ ደጋ ውሃ ለሁለት ይከፈላል። በምዕራብ በኩል ያለው ወደ ግቤና ኦሞ ይወርዳል፤ በምሥራቅ ያለው ወደ ብላቴ ገብቶ አባያ ሐይቅ ይደርሳል። እኛ ላይ ሆነን የደፋነውን ታች ያለ ሰው ይቀዳዋል፣ ከብቶቹም ይጠጡታል። ሰው ውሃ በሚቀዳበት፣ በሚያልፍበትና በሚጠለልበት ቦታ መጸዳዳት በሐዲስ መከልከሉን ሁላችንም ተምረናል። የክልከላው ምክንያት ሰውን ማስቸገር ከሆነ፣ ኬሚካል ወደ ወንዝ ስንለቅም ይህንኑ ልናስብ ይገባናል።

1. መጽዳትና ጠሃራ መሆን ይለያያሉ

ሶፋ ላይ ሕፃን ቢሸና ብዙዎቻችን እርጥብ ጨርቅ አንስተን እንወለውላለን። ይህ ግን ነጃሳውን ይበልጥ ሊያሰፋው ይችላል። ሽታውን በሽቶ ወይም በአረፋ መሸፈንም ነጃሳውን አያነሳውም። በሻፊዒ መዝሀብ ነጃሳን የሚያነሳው ውሃ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ደግሞ እንደ ኮምጣጤ ያለ ነጃሳን የሚያስወግድ ንፁህ ፈሳሽም ይበቃል። ሁለቱም መዝሀቦች በሀገራችን ተከታይ ስላላቸው በዚህ ጉዳይ አንዳችን ሌላውን አንውቀስ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ እርጥበቱን በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ፣ ቀጥሎ ቦታው ላይ ብቻ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ማውጣት። ሶፋውን በሙሉ ማጠብ አያስፈልግም። አንድ የገጠር ሰው መስጂድ ውስጥ በሸና ጊዜ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውየውን እንዳያዋክቡት አዘዋል፤ ቦታው ላይም አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አድርገዋል። ከጡት ወተት በቀር ሌላ ምግብ ያልጀመረ ወንድ ሕፃን ሽንት ደግሞ በሻፊዒዮች ዘንድ ውሃ ቢረጭበት ይበቃል።

2. ውሃን በልክ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ገላቸውን የሚታጠቡት ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚደርስ ውሃ እንደነበር ተዘግቧል። አንድ ሙድ የሁለት እጅ እፍኝ ነው፤ አራት ሙድ አንድ ሷዕ ይሆናል። ለዒባዳ ይህን ያህል ከተቆጠበ ለጠረጴዛ ሁለት ጄሪካን መድፋት ምን ይባላል? ሁለት ትናንሽ ሳሕኖች ይዘን አንዱን ለሳሙና፣ ሌላውን ለማለቅለቂያ ብናደርግ ለአንድ ክፍል ዕቃ ይበቃናል።

3. በቤት ካለው ነገር

ለእንጨት ጠረጴዛና ቁምሳጥን፦ አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እናንሳ። ቅባት ካለው ለብ ባለ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና እንጨምር፤ ጨርቁን በደንብ ጨምቀን የእንጨቱን መስመር ተከትለን እንወልውል፤ ወዲያው እናድርቀው። አመድና ሽቦ ለድስት እንጂ ለቫርኒሽ አይሆኑም።

ለሶፋና ምንጣፍ ሽታ፦ ደረቅ ቤኪንግ ሶዳ በስሱ ነስንሰን ግማሽ ሰዓት ያህል እንተወውና በብሩሽ እናራግፈው።

ለመስታወት፦ አንድ እጅ አቼቶ ከብዙ ውሃ ጋር። እብነ በረድ ላይ ግን አቼቶም ሎሚም አይነካም፤ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል።

ለቀርከሃ ወንበር፦ ለስላሳ ብሩሽና ቀላል የሳሙና ውሃ፤ ከዚያ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ማድረቅ። ሰሌን ሲሆን አራግፎ ፀሐይ ማስመታት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

4. «ተፈጥሯዊ» ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም

እናቶቻችን የሚያውቁት እንዶድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህ በመነሳት እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በጥናት አሳዩ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ በእንዶድም ሆነ በኦሞ ያጠብንበትን ውሃ ወንዝ ውስጥ አንድፋው፤ ከወንዝና ከጉድጓድ ራቅ ያለ አፈር ላይ እናፍስሰው።

5. በዶርማችን ያለው ትኋን

በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፀረ ተባይ ነፍቶ እዚያው መተኛት፣ ይባስ ብሎም የእርሻ ኬሚካል መጠቀም ራስን መጉዳት ነው። ትኋን ሙቀት አይችልም። አንሶላና ብርድ ልብስ 60 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ የፍራሹ ስፌት በብሩሽ ይጠረግ፤ በብረት አልጋው መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ ይፍሰስ። የፈላ ውሃው በእሳት መቅጣትን ከሚከለክለው ሐዲስ ጋር አይጋጭም ወይ የሚል ይኖራል፤ ጉዳቱን የሚያስወግድ ሌላ ቀላል መንገድ ከጠፋ የፈቀዱ ዑለሞች አሉ። እንቁላሉ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለሚፈለፈል ሥራው ሊደገም ይገባል። አንድ ዶርም ብቻውን ቢያጸዳ ደግሞ ከጎረቤት ይመለሳል፤ ስለዚህ በጀመዓ፣ በአንድ ቀን እናድርገው።

6. አደራ፦ በረኪናን ከምንም አንቀላቅል

በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም እንዲሁ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል። በስህተት ከተቀላቀለ መስኮት ከፍተን ወዲያው እንውጣ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለዚህ እረፍት አንድ የቤት ሥራ እንያዝ። ቤት ስንገባ እናታችንን ከማስተማራችን በፊት ጨርቁን ከእጇ እንቀበል። ሶፋውን እኛ እናጽዳ፣ ፍሳሹንም እኛ ተሸክመን በቦታው እንድፋ። የተማርነውን በሥራ ስታየው ሳንነግራት ትጠይቀናለች።

አላህ (ሱ.ወ) ቤታችንንም ልባችንንም ከሚያጠሩት ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።