ባትሪው የማን ነው? የታይዋኑ ጎጎሮ ጉዳይ

ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አሳይመንት ሲሰጠን እኔ የመረጥኩት በእስያና ፓስፊክ አካባቢ ስለተነሱ የንጹህ ቴክኖሎጂ ጀማሪ ኩባንያዎች ነበር። ስለ አንዱ፣ ስለ ታይዋኑ ጎጎሮ፣ አራት ገጽ ጻፍኩና በኩራት አስረከብኩ። ሲመለስልኝ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፤ «ይህን ሁሉ የነገረሽ ኩባንያው ነው?»

እውነትም እሱ ነበር። መግለጫውን ወደ አማርኛ ገልብጬ ከላይ ስሜን ጽፌበት ነው የሰጠሁት። ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ።

ታይዋን 23 ሚሊዮን ያህል ሕዝብና 14 ሚሊዮን ገደማ ሞተር ሳይክልና ስኩተር ያላት ደሴት ናት። በከተማ አብዛኛው ሰው የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው። ስኩተሩን መንገድ ዳር አቁሞ አምስተኛ ፎቅ የሚያድር ሰው ባትሪውን የት ሰክቶ ይሞላል? ገመድ በመስኮት ሊያወርድ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2011 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በሆራስ ሉክና በማት ቴይለር የተመሠረተው ጎጎሮ የሰጠው መልስ፣ ባትሪውን ጨርሶ ከስኩተሩ ባለቤት እጅ ማውጣት ነው።

ኩባንያው በ2015 ላስ ቬጋስ ላይ ምርቱን ሲያሳይ ሰው ያየው ስኩተሩን ነበር። እኔም በመጀመሪያው ጽሑፌ ሁለት ገጽ ያባከንኩት በስኩተሩ ውበት ላይ ነው። ዋናው ነገር ግን መንገድ ዳር የቆመው የባትሪ መቀየሪያ ጣቢያ ነው። ደንበኛው ስኩተሩን ይገዛል፤ ባትሪውን አይገዛም። እያንዳንዳቸው 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ ባትሪዎችን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ጣቢያው ውስጥ ይከታል፣ የተሞሉትን ይዞ ይሄዳል። አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ክፍያው በየወሩ ነው። እኛ ሰፈር ባዶ የለስላሳ ሳጥን ወስዶ ሙሉ ይዞ እንደ መመለስ ማለት ነው፤ ጠርሙሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የምንከፍለው ለውስጡ ነው።

ይሄ ቀላል ቢመስልም ብዙ ነገር ይለውጣል። ባትሪ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ውዱ ክፍል ነው፤ ሲያረጅ የሚያሳስበውም ገዢውን ነው። እዚህ ግን እርጅናው የኩባንያው ጣጣ ሆነ። በዚያው ልክ ኩባንያው ስኩተር ከመሸጡ በፊት ጣቢያ መትከል አለበት። ጣቢያ ከሌለ ገዢ የለም፣ ገዢ ከሌለ ደግሞ የጣቢያው ወጪ አይመለስም። ሐሳቡ የጎጎሮ ብቻ አይደለም። ቻይና ውስጥ ኒዮ ለመኪና፣ ሕንድ ውስጥ ሰን ሞቢሊቲ ለባጃጅና መሰል ተሽከርካሪዎች ይሠሩበታል።

ታዲያ ወጪውን ማን ቻለው? የቀዩ እስክሪብቶ ጥያቄ የወሰደኝ እዚህ ነው። ባለሀብቶች ከፍለዋል፤ ኩባንያው በኤፕሪል 2022 ናዝዳክ የአክሲዮን ገበያ ገብቷል። መንግሥትም ኤሌክትሪክ ስኩተር ለሚገዛ ሰው ድጎማ ይሰጥ ነበር። በ2019 ታይዋን ውስጥ ከተሸጡት አዳዲስ ሞተር ሳይክሎች አንድ አምስተኛ የሚጠጉት ኤሌክትሪክ ነበሩ። ድጎማው ከተቀነሰ በኋላ፣ በ2020፣ ወደ አንድ አሥረኛ ወረዱ። ይህን ቁጥር ሳይ ደነገጥኩ፤ በመግለጫው ላይ የዚህ ሽታም አልነበረም። መንግሥት ከ2035 ጀምሮ የነዳጅ ሞተር ሳይክል ሽያጭ ለማስቆም ይዞት የነበረውን ዕቅድም በ2019 ትቶታል። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ኩባንያው በአንዳንድ ተሽከርካሪዎቹ ውስጥ ከውጭ የገቡ ዕቃዎች መግባታቸውን ገለጸ። ድጎማው ከአገር ውስጥ ምርት ጋር የተያያዘ ስለነበር ነገሩ ወደ ምርመራ ሄደ፤ ሆራስ ሉክም ሥልጣኑን ለቀቀ።

«ንጹህ» የሚለው ቃልም አስቸግሮኛል። የታይዋን ኤሌክትሪክ ከ80 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ነው፤ የመጨረሻው የኑክሌር ማመንጫም በሜይ 2025 ተዘግቷል። እርግጥ ከስኩተሩ ጀርባ ቆሞ መብራት የሚጠብቅ ሰው ጭስ አይውጥም፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ጭሱ ቦታ ቀየረ እንጂ ሁሉም አልጠፋም።

ሁለተኛው ጽሑፌ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። «አብዮት» የምትለዋን ቃል ሰባት ቦታ ሰርዣለሁ። ሲመለስልኝ ጠርዙ ላይ አሁንም አንድ ጥያቄ አለ፤ «የነዳጅ ሞተር ጠጋኞቹስ ምን ሆኑ?» እሱን ገና እያነበብኩ ነው።